የመቶ ሜትር ዋስ

ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር ይላል ያገራችን ሰው። ሸማኔው በዳሳ ግን ገንፎው ገና ምድጃ ላይ ሳለ ነበር የሚጠረጥረው። ጎረቤት ደህና አደርክ ካለው «ምን አስቦ ነው?» ይላል፤ ዝም ብሎት ካለፈም «ምን ሰምቶ ነው?» ይላል። ሚስቱ አዲሳለም ጥጥ እየፈተለች፣ «አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን ራስህን ጠርጥረህ ለቀበሌ ትጠቁማለህ» ትለው ነበር። እሱ አይስቅም። ዘመኑስ መቼ የሚያስቅ ነበር?

ከጋሞ ደጋ ጎረምሳ ሆኖ ሽሮ ሜዳ ሲገባ ቤት ያስጠጉት ወይዘሮ አፀደ ናቸው። የጉለሌ የጥንት ሰው፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፣ ንግግራቸው አጭር። ግቢያቸው ውስጥ ካሉት የጭቃ ቤቶች አንዷን አሳይተው «ግባባት፣ ሰው ያለ ጣራ አያድርም» አሉት፤ ልጆቹ ሁሉ እዚያች ቤት ተወለዱ። የሽመናውን ጉድጓድ የቆፈረው በሩ ሥር ነው፤ ብርሃን የሚገባው በዚያ ብቻ ነዋ። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ሲቀመጥ ዓይኑ ከመንገደኛ ጉልበት በላይ አያይም። ስለዚህ የሰፈሩን ሰው የሚያውቀው በእግሩና በልብሱ ጫፍ ነበር። ሴቶቹን በተለይ በነጠላቸው ጥለት ነው የሚለያቸው፤ ግማሹን የሠራው ራሱ ነው። «አረንጓዴዋ ጥለት አለፈች» ይላል። «ስም የላትም?» ትላለች አዲሳለም። በእጁ ሥራ ግን ማንም ቀልዶበት አያውቅም። የበዳሳ ጥለት ዓመት ታጥቦ ዓመት ቢሰጣ ቀለሙ ንቅንቅ አይልም፤ ኩራቱም ይኸው ብቻ ነበር።

ወይዘሮ አፀደ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። ትልቁ፣ ስብሐት፣ በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ተወሰደ፤ ጥቂት ቆይቶ ከግቢው በላይ ካለው መንገድ ተኩስ ተሰማ። ሲነጋ ሬሳው እዚያው ነበር። ማልቀስ ክልክል ነው ተባለ። ጠመንጃ የያዘ የአብዮት ጥበቃ በራቸው ላይ ቆሞ ዋለ፤ የእህህታ ድምፅ ይወጣ እንደሆነ ሊያዳምጥ። ወይዘሮ አፀደ ያን ቀን ሽንኩርት ሲከትፉ ዋሉ። በዳሳም ከግድግዳው ወዲህ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ ሲወረውር ዋለ። ካቆምኩ ያዘንኩ ይመስልብኛል ብሎ ፈርቶ ነው። ስለዚያ ቀን ሁለቱ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

ትንሹ፣ ዓምሃ፣ ሯጭ ወጣው። ሽሮ ሜዳ ላይ ሯጭ ብርቅ አይደለም፤ ሲነጋ እንጦጦን የሚወጣው የሚወርደው ብዙ ነው። ዓምሃ ግን የሚሮጠው መቶ ሜትር ነበር። ይሄ ነገር ለበዳሳ ከመነሻው አልጣመውም። «ኢትዮጵያዊ ሆኖ መቶ ሜትር?» ይላል። «አገር የሚያየው ሃያ አምስት ዙር የሚዞረውን፣ የአሥር ሺውን ሯጭ ነው። መቶ ሜትር የሚሮጥ ወይ ሌባ ነው፣ ወይ የሚያመልጥ ሰው ነው።»

«ወይ ደግሞ ፈጣን ነው» ትላለች አዲሳለም።

በ1979 ዓመተ ምሕረት ክረምት፣ ሮም ላይ ለሚደረገው የዓለም ሻምፒዮና ሯጮች ተመረጡ፤ ለመቶ ሜትር ደግሞ ዓምሃ። ሰፈሩ ደስ አለው፣ ደስታውም ዋስ እስኪጠየቅ ድረስ ቆየ። ከአገር የሚወጣ ሰው «ይመለሳል» የሚል ዋስ ከቀበሌው ማቅረብ ነበረበት፤ ወንድሙ ደግሞ በምን እንደሞተ የማያውቅ የለም። አንዱ ጎረቤት ወገቤን አመመኝ አለ። ሌላው ለቅሶ አለብኝ ብሎ ሄደ። በመጨረሻ ወይዘሮ አፀደ የበዳሳ በር ላይ መጥተው ቆሙ፤ እሱም ከጉድጓዱ ሆኖ ጥለታቸውን አየ፤ ቀይና ወርቅማ፣ የራሱ እጅ ሥራ።

«በዳሳ፣ ሌላ ሰው የለኝም» አሉት።

«እትዬ፣ እኔ ምን አለኝና? ያለኝ ይቺ ጉድጓድ ናት።»

«የሚፈልጉት ንብረት አይደለም። ሰው ነው።»

እሱም የፈራው ይህንኑ ነበር። ግን ጣራ የሰጠችን ሴት እንዴት እምቢ ይባላል? ሄዶ ፈረመ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ይገዙ ፊርማውን አገላብጦ አየና «እንግዲህ ልጁ ካልመጣ አንተ ትመጣለህ» አለው። ያን ለት በዳሳ እራቱን አልበላም።

ዓምሃ ሊሄድ ሲል ለመሰነባበት ገባ። ረጅም ነው፤ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ «ጋሽ በዳሳ፣ እናቴን አደራ። ብዘገይ እንዳትጨነቁ» አለ።

«ብዘገይ? ለምን ትዘገያለህ?»

«እ... ማለቴ፣ ከተመለስን በኋላ ለአዲሱ ሪፐብሊክ በዓል ሰልፍ ካምፕ ያስገቡን ይሆናል ብዬ ነው።»

ልጁ ሲወጣ በዳሳ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ሰማሽ? 'ማለቴ' አለ። ማለቴ የሚል ሰው ውሸት እየፈለገ ነው።»

«አንተ ደግሞ! ሰው ሲናገር አይደናቀፍም?»

«ሮም ነው የሚሄደው፣ አዲሳለም። ሮም የገባ ማን ተመልሶ ያውቃል?»

እውነት ለመናገር፣ በዚያ ዘመን ሮም ደርሶ የቀረው ሰው ብዙ ነበር።

ውድድሩን የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ነው ያዩት። አንድ ቴሌቪዥን፣ ጢም ያለ ሕዝብ፣ እርጥብ ካፖርት የሚሸት ክፍል። ጓድ ይገዙ ፊት ለፊት ወንበር ይዞ፣ በዳሳን ከጎኑ አስቀመጠው። ሁሉም የሚጠብቀው ረጅሙን ርቀት ቢሆንም የመቶ ሜትሩ ማጣሪያ መጣና «ዓምሃ! ዓምሃ!» ተባለ። ከዳር መስመር ላይ ነው፤ በርከክ ብሎ ጣቶቹን መሬት አስነክቷል። አስነሺው ሽጉጡን ወደ ላይ ዘረጋ። ሁሉም ወገባቸውን ከፍ አደረጉ፣ ጸጥ አለ፣ ገና ሳይተኮስ ዓምሃ ወጣ። መልሱት ተባለ። ሁለተኛ ተንበረከኩ፣ ጸጥ አለ፣ አሁንም ሳይተኮስ ወጣ። አንድ ዳኛ ወደ እሱ መጥቶ በእጁ መውጫውን አሳየው። ዓምሃ ቱታውን አንሥቶ ትከሻው ላይ ጣል አደረገና ወደ መሿለኪያው ሲራመድ ምስሉ ተቀየረ። ሌሎቹ ያለ እሱ ሮጡ።

«ኧረ በስመ አብ!» አለ አዳራሹ። «ሮም ድረስ ሄዶ ሳይሮጥ?»

በዳሳ ግን ያሰበው ሌላ ነበር። ሽጉጥ መጠበቅ ማን ያቅተዋል? ሕፃን ልጅ ይጠብቃል። አንዴ ስህተት ነው ይባል፤ ሁለቴስ? ሰው ሁሉ ሜዳውን ሲያይ፣ ይኸው ልጁ ቱታውን ይዞ በጓሮ በር ወጣ። ጓድ ይገዙ ቀስ ብሎ ዞሮ አየው። ሁለቱም አንድ ነገር እያሰቡ እንደሆነ በዳሳ ገባው።

ማግስቱ እሑድ፣ የተክለ ሃይማኖት ዕለት ነበር። በዳሳ ሥራ ሳይዝ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ተቀምጦ መንገዱን ያያል። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት እግሮች በጭቃው ያልፋሉ፤ ሰማያዊ ጥለት፣ አረንጓዴ ጥለት፣ ከዚያ ባዶ ነጭ። ባዶውን ነጭ አላወቀውም። ጫማውን ሲያይ ግን ደነገጠ፤ የወይዘሮ አፀደ ኮንጎ ጫማ ነው። ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ጥለቱ ወደ አንገታቸው ወጥቷል፤ ለሞተ ሰው እንደሚደረገው።

«አለቀ» አለ በዳሳ። «እናቱ ታውቃለች። ተሰነባብተዋል። የማይመለስ ልጅ የሞተ ያህል ነው፤ እሳቸውም ኀዘን ተቀመጡ።»

«ሂድና ጠይቃቸው» አለች አዲሳለም።

«ቢያውቁ ይነግሩኛል? ያስያዙኝ እኮ እሳቸው ናቸው!»

ምን ላርዝመው፣ ሲነጋ በዳሳ ጋቢውን አጣፍቶ አውቶቡስ ተራ ወረደ። ጋሞዎች ለመስቀል አገራቸው ይገባሉ፤ ሽሮ ሜዳ ያን ሰሞን ሸማኔ አይገኝበትም። ማንም ሸማኔ ወዴት ነህ ተብሎ አይጠየቅም ብሎ ነው። ነገሩ፣ መስቀል ገና አንድ ወር ይቀረው ነበር። ከከተማው መውጫ ኬላ ላይ አውቶቡሱ ቆመና ወታደሩ «የይለፍ ወረቀት» አለ። በዳሳ ወረቀት የለውም። «ከየት ቀበሌ ነህ?» ሲባል ዋሽቶ ማምለጥ ይችል ነበር፤ ግን ሕይወቱን ሙሉ ሰው ይዋሻል ብሎ ሲጠረጥር ስለኖረ ራሱ መዋሸት አልተማረም። እውነቱን ተናገረ። ከሰዓት በኋላ ጓድ ይገዙ ፊት መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር።

«የት ልትሄድ ነበር?»

«አገሬ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ለመስቀል።»

«በነሐሴ?» ጓድ ይገዙ ሳቀ፤ የሚያስደስት ሳቅ አልነበረም። «ዋሱ ከሸሸ ሯጩ ከድቷል ማለት ነው። እንደማይመለስ ማን ነገረህ? እናቱ ናት። አይደለም? ሴትዮዋን አምጧት!»

በዳሳ ያኔ ነው ያደረገው ነገር የገባው። በልጁ ላይ እስካሁን ማስረጃ የሚባል አልነበረም። አሁን ተገኘ፤ ማስረጃው እሱ ራሱ ነው። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው እንግዲህ።

ወይዘሮ አፀደ ሲገቡ ከመሬት ሆኖ ያየው ያንኑ ባዶ ነጭ ጫፍ ነው። ጓድ ይገዙም አየ። «ነጠላሽን ለምን ዘቀዘቅሽ?» አላቸው፤ አንቺ አላቸው፣ በእናቱ ዕድሜ ያሉትን ሴት። «ማን ሞተብሽ?»

ዝም አሉ።

«ልጅሽ ሊቀር ነው አይደል? ተናገሪ! ማን ሞተብሽ?»

በዳሳ ቀና ብሎ ፊታቸውን አየ፤ ስንት ዓመት ግድግዳ ተጋርተው ኖረው እንዲህ አድርጎ አይቷቸው አያውቅም። ፊታቸው ላይ ያለው የሚፈራ ሰው ነገር አይደለም፤ ቃል አንቆት የሚተናነቀው ሰው ነገር ነው። ያኔ ሽንኩርቱ ትዝ አለው። ኧረ እኔ ደንቆሮ! አለ በልቡ። ለሄደው አይደለም እኮ የሚያለቅሱት፤ ለስብሐት ነው። ትንሹ ልጅ እጃቸው ላይ ሳለ፣ ይነካብኛል ብለው ለትልቁ አንዲት ቀን አላዘኑም። ልጁ ከአገር ወጥቶ ቀበሌው የሚይዝባቸው ነገር ሲያጣ ነው ነጠላቸውን የዘቀዘቁት። አሁን «ልጄ» ቢሉ፣ «የትኛው?» ሊባሉ ነው። የትኛውንም ቢጠሩ ዓምሃ አለቀለት፤ ወይ ከሃዲ ነው፣ ወይ የጸረ አብዮት ወንድም ነው፤ እናቱ ዛሬም ለዚያ ሰው ያዝናሉ። «ማንም አልሞተብኝም» ማለት ደግሞ አፋቸው እምቢ ብሏል።

«ጓድ ሊቀመንበር!» በዳሳ ጮኸ፣ ድምፁ ራሱን አስደነገጠው። «ጥፋቱ የኔ ነው። ነጠላው የኔ ሥራ ነው። ጥለቱ ቀለሙን ይለቃል።»

«ምን?»

«ይለቃል። መጥፎ ክር ገዝቼ። ዝናብ ሲነካው ወደ ታች ይፈሳል። ቀሚስዎን እንዳያበላሽብዎት ክረምቱ እስኪወጣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው ይልበሱት ያልኳቸው እኔ ነኝ። የሸሸሁትም ለዚሁ ነው። ለብዙ ሴት ሠርቻለሁ፤ ለበዓሉ ሰልፍ ሲለብሱት ዝናብ ቢመታው ሰፈሩ ይገድለኛል ብዬ።»

ጓድ ይገዙ ወደ ወይዘሮ አፀደ ዞረ። «እውነት ነው?»

ወይዘሮ አፀደ በዳሳን ረጅም ጊዜ አዩት። «ሰው እንዳላዋርድ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አሉ።

ጓድ ይገዙ ፊቱን አኮሳተረ። እሱም ተጠራጣሪ ነው፤ ሊያምን አልፈለገም። ግን ሽሮ ሜዳ ያደገ ሰው ስለሆነ አንድ ነገር ያውቃል፤ ሸማኔ ቢገርፉት ጥለቴ ይለቃል አይልም። ከዚያ ድንገት ሌላ ነገር ታወሰው መሰለኝ ዓይኑ ፈጠጠ። «ቆይ። ለባለቤቴ ለበዓሉ የሠራኸውስ?»

በዳሳ ከሠራቸው ጥለቶች ሁሉ የተዋጣለት እሱ ነበር። «እሱም ይለቃል፣ ጓድ።»

ከዚያ በኋላ ስለ ሯጩ ብዙ አልተወራም፤ ጓድ ይገዙ ስድቡን ሁሉ ለሚስቱ ጥለት አዋለው። ወይዘሮ አፀደን ሂጂ አለ። በዳሳን ግን «ልጁ እስኪመለስ እዚሁ ትቆያለህ፤ ካልተመለሰ ደግሞ ሌላ እናወራለን» ብሎ ከቀበሌው እስር ቤት ከተተው።

እዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ጥርጣሬው አልተወውም። መቼ ይተወዋል! እናቱ ለስብሐት አዘኑ እሺ፤ ልጁስ? ቱታውን ይዞ በዚያ መሿለኪያ የገባው ልጅ ይመለሳል ማለት ነው? እኔ ብሆን እመለሳለሁ? ብሎ ራሱን ጠየቀ። አልመለስም አለ ልቡ። ራሱን ቆርጦ የጠረጠረው ያን ጊዜ ነው፤ አዲሳለም ያለችው ደረሰ።

ጳጉሜን ላይ አንድ ጠዋት በሩ ተከፈተና ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ ገባ። የቡድኑን ልብስ ለብሷል፣ ጫማው ጭቃ በጭቃ ነው።

«ጋሽ በዳሳ፣ መጣሁ።»

«ለምን መጣህ?» አለ በዳሳ፤ አመለ ክፉ! ከዚያ እንደ ልጅ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

ዓምሃ ከጎኑ ተቀመጠ። ሁሉን ከእናቱ ሰምቷል። «እዚህ የምንለማመደው በጣውላ ነው» አለ። «ሁለት ጣውላ ያጋጩና እንነሣለን። ሽጉጥ ማን ይሰጠናል? ሮም ላይ ሰውዬው ሽጉጡን ሲያነሣ... ጋሽ በዳሳ፣ ተዘጋጅ ካሉ በኋላ ጸጥ ይላል እኮ። ስብሐትን የወሰዱት ጊዜ አልጋ ሥር ነበርኩ። እንደዚያው ጸጥ አለ፣ እኔም ተኩሱን ጠበቅኩ፤ ተተኮሰ። ሮም ላይ ያችን ጸጥታ መጠበቅ አቃተኝ። እግሬ ብቻውን ወጣ። ሁለተኛም ያው።»

«እኔ ደግሞ ልታመልጥ መስሎኝ» አለ በዳሳ።

«አስቤ ነበር፤ አልዋሽም። በር ላይ ቆሜ አስቤአለሁ። ከዚያ እርስዎ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጠው ታዩኝ።»

ዓምሃ ከዚያ ወዲያ ከአገር አልወጣም፤ ሳይሮጥ ለተመለሰ ሰው ሁለተኛ ዕድል ማን ይሰጣል። የሰፈር ልጆችን ማሠልጠን ጀመረ፤ በጣውላ።

በዳሳን ደግሞ የሸማኔዎቹ ማኅበር ሰብስቦ ወቀሰው። ከእንግዲህ ጥለት እንዳትነካ ተባለ፤ ጥለት አልባ ጋቢ ብቻ እንዲሠራ ተፈረደበት። የጥለት ሰው የነበረ፣ ድፍን ነጭ ሲሸምን ዋለ። አላፊ አግዳሚው በበሩ ብቅ እያለ «በዳሳ፣ ነጩስ አይለቅም?» ይለዋል። የጓድ ይገዙ ሚስት የቀሚሷ ቀለም አለመልቀቁን አይታ ይሆናል፤ ደፍራ የተናገረች እንደሆነ ግን ማንም አልሰማም። አዲሳለም አንዳንዴ ንዴቷ ገንፍሎ «ወጥቼ እውነቱን ልናገር?» ትላለች። «ተይ» ይላታል። ያመዋል፤ ሥራው ሲሰደብ እውነት ያመው ነበር። ግን አንዴም መልስ አልሰጠም።

እንዲህ እንዲህ እያለ 1983 መጣ፣ ግንቦት ላይ መንግሥቱ ወደቀ። ሰዉ ለየሟቹ ድንኳን ተከለ፤ የደረቀ የመሰለ እንባ ሁሉ ያን ክረምት ወጣ። ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን ዶፍ ሲወርድ በዳሳ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ አንድ ባዶ ነጭ ጫፍ ሲያልፍ አየ። የኮንጎ ጫማ። ወይዘሮ አፀደ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ጃንጥላቸውን አጥፈው በእጃቸው ይዘው፣ በዝናቡ መሐል ቀስ ብለው ወደ ልብስ ሻጮቹ ወረዱ። ከእያንዳንዱ ሱቅ ፊት ቆሙ። ያቺኑ ቀይና ወርቅማ ጥለት ነው የለበሱት። ውሃ ከአንገታቸው እስከ ጫማቸው ይንጠባጠባል፤ ነጩ ነጭ ነው፣ ቀዩ ቀይ ነው።

«እትዬ አፀደ» አለች አንዷ ሻጭ፣ «ይለቃል ተብሎ አልነበር?»

«እዪው» አሉ። «ለልጄ ለስብሐት ነው የለበስኩት። ያኔም ለእሱ ነበር። የሠራው በዳሳ ነው።»

ሲመለሱ በሩ ላይ ቆሙ። በዳሳ ከታች ሆኖ ከልብሳቸው ጫፍ የሚንጠባጠበውን ጥርት ያለ ውሃ አየ። መወርወሪያው እጁ ላይ ነበር። ስብሐት የሞተ ለት ያላቆመውን መወርወሪያ አስቀመጠ፣ ከጉድጓዱ ወጣ፣ ከአጠገባቸው ዝናቡ ላይ ቆመ። ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ።